ከድንጋይ የቆየ ወረቀት

እሑድ ጠዋት ነው፤ ኮሎኝ ከተማ፣ ከራይን ወንዝ ዳር የተዘረጋ የአሮጌ ዕቃ ገበያ። ሻጩ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ናቸው። ጣቱ የተቆረጠ የሱፍ ጓንት አድርገው ከፊታቸው ሃያ የሚሆኑ የጫማ ካርቶኖች ደርድረዋል። በየካርቶኑ ውስጥ ፖስት ካርዶች በቁማቸው ተጠቅጥቀዋል፤ በየመካከሉ ወፍራም ወረቀት ገብቶ የየአገሩና የየአውራጃው ስም ተጽፎበታል። የአገር ስም ወዳለባቸው አልሄድም። ጥግ ላይ ያለችውን፣ ክዳኗ ላይ «ቡርገን ኡንት ሽሎሰር» የተጻፈባትን ካርቶን ለይቼ አውቃታለሁ። «ምሽጎችና ቤተ መንግሥቶች» ማለት ነው። ጀርመኖች ለመዋጊያ የተሠራውን ከመኖሪያው በስም ይለያሉ። ጎንደር ተወልዶ ላደገ ሰው ግን ሁለቱም «ግንብ» ናቸው፤ ይህ ቃል እስካሁን አላነሰኝም።

በዚያ ጠዋት ከካርቶኗ ያወጣሁት አንድ ግራጫ ካርድ ነው። ዘጠኝ በአሥራ አራት ሴንቲ ሜትር፤ የአዋቂ ሰው መዳፍ ያህል። ሥዕሉ አንድ ክብ ማማ ያሳያል፤ ከሥሩ የሚታዩት ቤቶች የልጅ መጫወቻ ይመስላሉ። ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ የሚገኘው የኩሲ ግንብ ነው። ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ቴምብር የለውም። በቴምብሩ ቦታ «ፌልድፖስት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ የጦር ሜዳ ፖስታ ማለት ነው፤ ወታደሮች ያለክፍያ ይልኩ ነበር። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የክፍለ ጦር ማህተም፣ 1916 የሚል ዓመት፣ የደበዘዘ የእርሳስ ጽሕፈት። ጸሐፊው ለባለቤቱ የላከችው ትምባሆ እንደደረሰው ይነግራታል፤ አየሩ ጥሩ እንደሆነ ይነግራታል፤ ትናንት በሥዕሉ ላይ ያለው ማማ አናት ድረስ ወጥቶ እንደነበርም ይነግራታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ማማ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኩሲው ጌታ ሦስተኛው ኤንገራን ያሠራው ነው። ቁመቱ 54 ሜትር ያህል ነበር፤ በዘመኑ አውሮፓ ውስጥ የሚስተካከለው አልነበረም። ካርዱ በተላከ በዓመቱ፣ መጋቢት 1917፣ የጀርመን ጦር ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ 28 ቶን ፈንጂ ከሥሩ ቀበረበት። የባቫሪያው አልጋ ወራሽ ሩፕሬክት ግንቡ ይትረፍ ብሎ ለምኖ ነበር፤ የጀርመኑ ጄኔራል ሉደንዶርፍ እምቢ አለ። 700 ዓመት የቆመው ማማ በአንድ ቀን የድንጋይ ክምር ሆነ። ዛሬ ኩሲ የሄደ ሰው የግንቡን አጥርና የፍርስራሹን ቁልል ያያል። ማማውን ለማየት የፈለገ ወደ ካርዶቹ መመለስ አለበት።

ሁለት ዩሮ ከፈልኩ። አዛውንቱ ካርዱን በቀጭን ወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

የግንብ ካርድ የምሰበስበው ስለዚህ ነው። ሰው ግንብ ሲያይ የማይለወጥ ነገር ያየ ይመስለዋል። ለአሥር ዓመት ያህል ካርዶቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የተገነዘብኩት ግን ሌላ ነው፤ ግንቦች ይፈርሳሉ፣ ይጠገናሉ፣ ስማቸውና ባለቤታቸው ይለወጣል፣ አንዳንዴም ከፈረሱ ከ200 ዓመት በኋላ ይነሳሉ። ይህን ሁሉ ከቀን ከወሩ ጋር ይዞ የሚቆየው ሦስት ግራም የምትመዝን ወረቀት ናት።

ጅማሬዬ ግን ኮሎኝ አይደለም። ልጅ ሆኜ ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን በሠራው ፖስታ ቤት ውስጥ፣ የአባቴ መሥሪያ ቤት የፖስታ ሳጥን ነበረው። አባቴ ቁልፉን ሰጥቶ ይልከኛል፤ እኔም ከፖስታ ቤቱ ደጃፍ ሆኜ የነገሥታቱን ግቢ እያየሁ የመጣውን ይዤ እመለሳለሁ። አጎቴ ያኔ በምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕሲግ፣ ተማሪ ነበር። አንድ ቀን ከሳጥኑ ውስጥ የወጣው ፖስታ ሳይሆን ካርድ ሆኖ ተገኘ። ተራራ አናት ላይ የተቀመጠ ግንብ፣ ዙሪያው ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ የሰማዩ ሰማያዊ ከልክ ያለፈ። ቫርትቡርግ ነው። ማርቲን ሉተር ከ1521 እስከ 1522 ተደብቆ አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ የተረጎመበት ግንብ እንደሆነ የተማርኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

ካርዱን ለአያቴ አነበብኩላት። የማነበው ግን ብዙ አልነበረም። የአማርኛ ደብዳቤ ወግ ለፖስት ካርድ አልተሠራም፤ «ለተከበርሽው እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ፣ እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ» ተብሎ፣ ወንድም እህቱ ጎረቤቱ በየስሙ ሰላም ተብሎ ሲያበቃ ቦታው አለቀ። ስለ ግንቡ አንድ ቃል አልጻፈም። አያቴ ካርዱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ዕድሜዋን ሙሉ በፋሲል ግቢ አጥር ሥር ወደ ቤተ ክርስቲያን የተመላለሰች ሴት ናት።

«ይኼ ደግሞ የማን ግንብ ነው?» አለች።

«የጀርመኖች ነው፣ እማማ።»

«እሱስ ይሁን። ያሠራው ንጉሥ ማን ይባላል?»

አላወቅኩም። አባቴም አላወቀም። አጎቴ እንዲነግረን ተጻፈለት፤ መልሱ ከሁለት ወር በኋላ በሌላ ካርድ፣ ሰላምታው እጅግ አጥሮ መጣ። አያቴ ሁለቱንም ካርዶች ከዳዊት መጽሐፏ ማኅደር ውስጥ አኖረቻቸው። ካርድ በእጄ ሲገባ ዛሬም መጀመሪያ የምጠይቀው ያንኑ ጥያቄ ነው፤ የማን ነው፣ ማን አሠራው?

ካርዱ ራሱ መቼና ለምን እንደተፈጠረ ማወቅ ደግሞ ለሰብሳቢ ከሁሉ ይቀድማል። የመጀመሪያው መንግሥታዊ ፖስት ካርድ የወጣው ጥቅምት 1 ቀን 1869 በኦስትሪያ-ሀንጋሪ ነው። ሐሳቡን በቪየና ጋዜጣ ላይ ያቀረበው ኤማኑኤል ኸርማን የተባለ የምጣኔ ሀብት መምህር ነበር፤ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሁለት መስመር ለመላክ ወረቀት፣ ፖስታና የደብዳቤ ሙሉ ዋጋ ለምን ይከፈላል? ደብዳቤ 5 ክሮይዘር ሲሆን ካርዱ 2 ክሮይዘር ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብቻ 3 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠ። ሥዕል አልነበረበትም፤ አንድ ፊቱ ለአድራሻ፣ አንድ ፊቱ ለጽሑፍ።

ይህ በሆነበት ወቅት፣ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ መስከረም 5 ቀን 1869፣ የባቫሪያው ንጉሥ ሁለተኛ ሉድቪግ ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ ለአንድ ግንብ የመሠረት ድንጋይ አስቀምጦ ነበር። ዛሬ ኖይሽቫንሽታይን የምንለው ነው። ሁለቱ በአንድ መኸር መወለዳቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ምክንያቱም አንዱ ያለ ሌላው ዛሬ የሆነውን ባልሆነ ነበር። ኖይሽቫንሽታይንን የነደፈው ክርስቲያን ያንክ የተባለ የቲያትር መድረክ ሠዓሊ ነበር። በእንፋሎት በሚሠራ ማንሻ የተገነባ የመካከለኛው ዘመን ሕልም ነው እንጂ ማንም ተዋግቶበት አያውቅም። ሉድቪግ ሰኔ 13 ቀን 1886 ሞተ፤ ሕንፃው ገና አላለቀም ነበር። ልክ ሰባት ሳምንት ሲሞላ፣ ነሐሴ 1፣ በሩ ለጎብኚ ተከፈተ። ንጉሡ ሰው እንዳያየው ብሎ የሸሸበትን ቤት ባቡር የጫነው ሕዝብ ይጎርፍበት ጀመር፤ ጎብኚም ባዶ እጁን አይመለስም፤ ካርድ ገዛ።

በዚያው ዘመን የሥዕል ካርድ ጀርመን አገር ሰተት ብሎ ገባ። «ግሩስ አውስ» ይባላሉ፤ «ሰላምታ ከ» ማለት ነው፤ ከዚያ የቦታው ስም ይከተላል። በድንጋይ ኅትመት፣ አንዱ ቀለም በአንዱ ላይ እየተደረበ የተሠሩ ናቸው። ጀርባው ለአድራሻ ብቻ ስለሚፈቀድ ሰዉ መልእክቱን በሥዕሉ ጠርዝ፣ በሰማዩ ላይ፣ አንዳንዴ በግንቡ ግድግዳ ላይ ይጽፋል። ጀርባውን በመስመር ከፍሎ ግማሹን ለጽሑፍ፣ ግማሹን ለአድራሻ ማድረግ የተፈቀደው በእንግሊዝ በ1902፣ በጀርመን በ1905፣ በአሜሪካ በ1907 ነው። ስለዚህ ቀን የሌለው ካርድ ቢያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው ጀርባው ተከፍሎ እንደሆነ ነው። ያ አንድ መስመር ብቻ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያጠብልኛል።

ሁለተኛው መርማሪ አጉሊ መነጽር ነው። አሥር እጥፍ የምታጎላ ትንሽ መነጽር ከኪሴ አትለይም። በእሷ ሥር ዘመናዊ ካርድ በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በቢጫና በጥቁር ነጠብጣቦች ይበታተናል፤ ነጠብጣቦቹ እንደ አበባ ተክበው ይታያሉ። የኩሲው ካርድ ነጠብጣብ የለውም፤ የደረቀ የኩሬ ጭቃ የመሰለ ጥቃቅን ስንጥቅጥቅ ነው የሚታየው፤ ይህ ከብርጭቆ ላይ በጄላቲን የታተመ መሆኑን ይናገራል። ሦስተኛው ዓይነት ላይ ግን ምንም አይታይም፤ ነጠብጣብም ስንጥቅም የለም፤ ባጎላኸው ቁጥር ዝርዝሩ ይጨምራል፤ መስኮት ላይ የተሰጣ ልብስ፣ በር ላይ የቆመ ዘበኛ። እሱ በቀጥታ ከኔጋቲቭ የታጠበ እውነተኛ ፎቶግራፍ ነው። ብዙውን ጊዜ የትንሽ ከተማ ፎቶ አንሺ በመቶ ቅጂ ያህል አውጥቶ የሸጠው ስለሆነ እንዲህ ያለውን አግኝቼ አላልፍም።

ሰብሳቢዎች መካከል የግንብ ካርድ ብዙም ክብር የለውም። በሚሊዮን ስለታተመ ርካሽ ነው፤ የሃይደልበርግን ፍርስራሽ በአንድ ዩሮ የማያገኝ የለም። ትልቅ ዋጋ የሚያወጣው የመንደር ባቡር ጣቢያ፣ የሱቅ ደጃፍ፣ የሥራ ቦታ ነው። በዋጋው አልከራከርም። ርካሽነቱ ግን ለእኔ ጸጋ ነው፤ አንድን ግንብ በሃያ ካርድ፣ በሃያ የተለያየ ዓመት ማየት የምችለው ርካሽ ስለሆነ ነው። ሀብታም መሆን አያስፈልግም፤ ዓይንና ትዕግሥት ይበቃል።

ስኮትላንድ ውስጥ ሦስት የባሕር ወሽመጦች የሚገናኙበት ቦታ ላይ አይሊን ዶናን የተባለ ግንብ አለ። በካላንደርና በብስኩት ቆርቆሮ ላይ ያላየው ሰው ጥቂት ነው፤ ከየብስ ወደ ደሴቱ የሚያሻግረው የድንጋይ ድልድይ፣ ከበስተኋላው ተራራ፣ ውኃው ላይ የሚታየው ጥላ። ጥንታዊ የማይመስለው የለም። እኔ ግን ሁለት ካርድ አለኝ። አንደኛው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተላከ ነው፤ በእሱ ላይ የሚታየው ሣር የበቀለበት የግድግዳ ስባሪ ብቻ ነው፤ ድልድይ የሚባል ነገር የለም። ግንቡን በግንቦት 1719 የእንግሊዝ የጦር መርከቦች በመድፍ ደብድበው አፈራርሰውታል፤ ውስጡ የመሸጉት ስፔናውያን ወታደሮች ነበሩ። ለ200 ዓመት ያህል እንዲያ ተጋድሞ ኖረ። በ1911 ጆን ማክሬ-ጊልስትራፕ የተባለ መኮንን ገዛውና እንደገና አሠራው፤ ሥራው ያለቀው በ1932 ነው። ድልድዩም የተሠራው ያኔ ነው። ሁለተኛው ካርዴ በ1930ዎቹ የታተመ ሲሆን ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን መልክ ያሳያል። ሁለቱን ለእንግዳ ሳሳይ መጀመሪያ የማወጣው አዲሱን ነው። «ስንት ዓመቱ ይመስልሃል?» እለዋለሁ። ከዚያ ፍርስራሹን ከጎኑ አስቀምጣለሁ። ሰው ዝም ይላል።

አልሳስ ውስጥ ያለው ግንብ ደግሞ በስሙም ይለወጣል። በሠላሳው ዓመት ጦርነት፣ በ1633፣ ስዊድናውያን አቃጠሉት። ሴሌስታ የምትባለው ከተማ ፍርስራሹን በ1899 ለጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ለሁለተኛ ቪልሄልም ሰጠችው፤ እሱም ከ1900 እስከ 1908 ቦዶ ኤብሃርት በተባለ መሐንዲስ አሠራው። አልሳስ ያኔ ጀርመን ነበር፤ ስለዚህ የካርዱ ጽሑፍ «ሆኽኮኒግስቡርግ» ይላል። ከ1918 በኋላ አገሩ ወደ ፈረንሳይ ሲመለስ ያው ፎቶግራፍ፣ ያው ደመና፣ ያው ዛፍ፣ «ኦ-ኩኒግስቡር» ተብሎ ታተመ። እኔ ዘንድ ያሉት ሁለቱ ከአንድ ኔጋቲቭ የወጡ ናቸው፤ አንዲት ወፍ ከማማው በስተቀኝ በሁለቱም ላይ እየበረረች ነው። በካርዶቹ መካከል ስንት ወጣት እንደሞተ ሳስብ ያችን ወፍ እፈልጋታለሁ።

ተመልሶ ያልተነሣም አለ። የኮኒግስበርግ ግንብ በ1255 የተመሠረተ ነው፤ ነሐሴ 1944 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲያጋዩ ተቃጠለ፤ የቀረውን ፍርስራሽ ሶቪየቶች በ1968 ጠራርገው ጣሉት። በአጠገቡ ትልቅ የኮንክሪት ሕንፃ አቆሙ፤ ያም ሥራ ሳይጀምር አርጅቶ በቅርብ ዓመታት ፈረሰ። ከተማዋ ራሷ ዛሬ ካሊኒንግራድ ትባላለች። በጀርመን የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች የኮኒግስበርግ ካርድ ሞልቷል። ካርዶቹን የሚያገላብጡት ብዙ ጊዜ ከዚያ የተፈናቀሉ ሰዎች ልጆች ናቸው። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት የያዝኩትን ካርድ ተውሳኝ ከግንቡ ጀርባ ያለውን መንገድ በጣቷ ስትከተል አይቻለሁ፤ እናቷ የተወለደችበትን ቤት ትፈልግ ነበር። ካርዱን ሰጠኋት። እንዲህ ያለ ካርድ የእኔ ሊሆን አይችልም።

አሮጌ ብቻ የሚሰበስቡ ሰዎች አዲስ ካርድ አይነኩም። ከ1960ዎቹ ወዲህ ያለው አንጸባራቂ ካርድ ለእነሱ ቆሻሻ ነው። እዚህ ላይ ከእነሱ አጥብቄ እለያለሁ። በጃፓን ኦኪናዋ ደሴት የሹሪ ግንብ አለ፤ የሪዩኪዩ ነገሥታት መቀመጫ፣ ቀይ ከተቀባ እንጨት የተሠራ። በ1945 በኦኪናዋ ጦርነት ወደመ፤ በ1992 እንደገና ተሠርቶ ተከፈተ። አንዲት ጃፓናዊት ተማሪ ከዓመታት በፊት ካርዱን ልካልኝ ነበር፤ አብረቅራቂ፣ ተራ፣ በመቶ ሺህ ከሚታተሙት አንዱ። ጥቅምት 31 ቀን 2019 ሌሊት ዋናው አዳራሽ በእሳት ጋየ። በማግስቱ ያንን ካርድ ከአልበሙ አውጥቼ ስይዘው እጄ ላይ ከብዶ ተሰማኝ። የ1910 ካርድም በ1910 ተራ ነበር። ነገ ምን እንደሚፈርስ የሚያውቅ ስለሌለ የዛሬውን ካርድ ዛሬ ማስቀመጥ ነው።

በጃፓን የሂሜጂ ግንብ ደግሞ በተቃራኒው የመትረፍ ታሪክ ነው። ዋናው ሕንፃ በ1609 ያለቀ ነው። በ1945 ከተማው ሲነድ አንድ ተቀጣጣይ ቦምብ ከላይኛው ፎቅ ወድቆ ሳይፈነዳ ቀረ። እስከ 2015 በዘለቀው ጥገና ጣሪያው በኖራ ታድሶ ሲከፈት ሕዝቡ ደነገጠ፤ የሚያውቁት ግራጫ ግንብ በረዶ መስሎ ነበር። ከጥገናው በፊትና በኋላ የታተሙትን ካርዶች ያየ ሰው ሁለት ግንብ ይመስሉታል። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ነጩ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ያንንም የሚመዘግበው ካርዱ ነው።

አዲስ ካርድ ለማግኘት መንገዱ ብዙ ነው። ከ2005 ጀምሮ ፖስትክሮሲንግ የሚባል አንድ ፖርቱጋላዊ የጀመረው የካርድ መለዋወጫ አለ፤ አንድ ካርድ ለማታውቀው ሰው ትልካለህ፣ ሌላ የማታውቀው ሰው ለአንተ ይልካል። እኔ ሁልጊዜ የምለምነው ካርዱን በፖስታ ውስጥ እንዳያደርጉት ነው። የፖስታ ቤቱ ማህተም በላዩ ያረፈ፣ ጥጉ ትንሽ የታጠፈ፣ ዝናብ የነካው ካርድ መንገድ የሄደ ካርድ ነው። ያልተጻፈበት ንጹሕ ካርድ ሥዕል ብቻ ነው ያለው።

ስለ አያያዙ የምናገረው በራሴ ላይ ከደረሰው ነው። የመጀመሪያዎቹን አርባ ካርዶች ያስቀመጥኩት ለሠርግ ፎቶ በምንገዛው ዓይነት፣ ገጹ ሙጫ ባለውና ላስቲክ በሚለጠፍበት አልበም ውስጥ ነበር። ያማረ መሰለኝ። ከስድስት ዓመት በኋላ አንዱን ላወጣ ስሞክር ከጀርባው ግማሽ ጽሑፉ ከሙጫው ጋር ቀረ። የወታደር ደብዳቤ፣ የእናት ሰላምታ፣ ማህተም፣ ሁሉም ቢጫ ሙጫ ላይ ተላጠ። አሥራ አንድ ካርድ እንዲያ አጣሁ። አሁን እያንዳንዱን ከፖሊፕሮፒሊን በተሠራ ልሙጥ ላስቲክ ውስጥ አደርጋለሁ፤ የሚሸት፣ የሚያጣብቅ ላስቲክ አልጠቀምም፤ ወረቀቱን ይበላዋል። ፕላስተር አልለጥፍም። በካርዱ ላይ በእስክሪብቶ አልጽፍም፤ የማውቀውን ሁሉ በእርሳስ በሌላ ቁራጭ ወረቀት ጽፌ ከኋላው አስገባለሁ። ጸሐይ አላሳያቸውም፤ ወጥ ቤት አጠገብም አላኖራቸውም።

ጎንደር በሳጥኔ ውስጥ የራሱ ክፍል አለው። ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሳያስበው የፋሲልን ግንብ ሥዕል በኪሱ ይዞ ዞሯል፤ በቀድሞው ሃምሳ ብር ጀርባ ላይ ነበርና። ካርዶቹን ግን በአብዛኛው የምገዛው ከጣሊያን ሻጮች ነው። የጣሊያን ጦር በ1936 ጎንደርን ይዞ እስከ ኅዳር 1941 ሲቆይ ለወታደሩና ለሹሙ ካርድ አትሟል፤ ያ ካርድ ወደ ሚላኖና ወደ ባሪ ተልኮ፣ በየመሳቢያው ኖሮ፣ ባለቤቶቹ ሲሞቱ ገበያ ይወጣል። የመጀመሪያውን ስይዝ ደስታና ንዴት አንድ ላይ ነው የመጣብኝ። ቴምብሩ ላይ የወራሪው ንጉሥ ፊት፤ በሌላው ፊት የአያቴ ሰፈር። እንቁላል ግንብ ከሚባለው የፋሲል ግንብ ሥር፣ ራቅ ብለው፣ ነጠላ የለበሱ ሁለት ሴቶች ያልፋሉ። አጉሊ መነጽሬን አስጠግቼ ቆየሁ። ፊታቸው አይለይም፤ እንደ ልጅ ሆኜ አያቴ ትሆን ይሆን ብዬ አሰብኩ። ያኔ ለጋ ወጣት ነበረች።

አንዳንድ የአገሬ ልጆች «የጠላት ካርድ ለምን ትገዛለህ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ፣ ሥዕሉ የእኛ ስለሆነ ነው። ካሜራውን የያዘው ማንም ይሁን፣ ብርሃኑ ያረፈው በፋሲል፣ በኢያሱ፣ በበካፋና በምንትዋብ ግንብ ላይ ነው። በካርዱ ላይ የተጻፈው ስም ከተሳሳተ በእርሳስ አርሜ ከላስቲኩ አስገባለሁ። ግቢው በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሰፊ ጥገና ተደርጎለት የግድግዳው መልክ ተለውጧል። ጥገናው ትክክል ነው አይደለም የሚለው ክርክር በስሜት ብቻ እንዳይቀር፣ ከ1930ዎቹ ካርድ፣ ከንጉሡ ዘመን የቱሪስት ካርድ፣ ከደርግ ዘመን ካርድና ከዛሬው ካርድ ጋር ግድግዳውን ማስተያየት ያስፈልጋል። እነዚህ ካርዶች ጎንደር ውስጥ፣ አንድ ቦታ፣ በቅደም ተከተል ተቀምጠው ማየት እፈልጋለሁ። የእኔዎቹን ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ለእህቴ ባለፈው ዓመት ደውዬ የአያቴን የዳዊት ማኅደር እንድትከፍት ለመንኳት። ሁለተኛው የአጎቴ ካርድ ጠፍቷል። ቫርትቡርግ ግን ከቆዳው ኪስ ውስጥ ወጣ፤ የዕጣን ሽታ እንዳለው ነገረችኝ። ሰው ስታገኝ ላከችልኝ። ሰማዩ ያኔ እንደማስታውሰው ሰማያዊ አይደለም፤ ወደ ቢጫ አዘንብሏል። ጀርባው ላይ ከአጎቴ ጽሑፍ ሥር፣ በአባቴ እጅ፣ በትንንሽ ፊደል የማላውቀው አንድ መስመር ተጨምሯል፤ አያቴ ስትጠይቅ የቆየችው የንጉሡ ጉዳይ ነው፤ ያሠራው ንጉሥ ሳይሆን ሉድቪግ የሚባል መስፍን ነው ተብሎ እንደሚተረክ ጽፎላታል።

አሁን የምፈልገው አንድ ካርድ ነው። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ ጣሪያውን ያጣው በመሬት መንቀጥቀጥና በኋላም በ1941 በእንግሊዝ ቦምብ ነው። ከቦምቡ በፊት የተነሣ፣ ከደቡብ ምሥራቅ በኩል የታየ፣ የጎንደር ማህተም ያረፈበት ካርድ ከየትም አላገኘሁም። ሚላኖ ላለ ሻጭ ነግሬዋለሁ፤ የኮሎኙ አዛውንትም ስሙን አጥንተውታል፤ እሑድ እሑድ ሲያዩኝ ገና ሳልጠይቃቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በአልበሙ ውስጥ ከእንቁላል ግንቡ ቀጥሎ ባዶ ላስቲክ አለ። ከኋላው ያስገባሁት ቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ «ኢያሱ፣ ከኅዳር 1941 በፊት» ብዬ ጽፌበታለሁ።